ልጄን ከእሳቱ አውጡልኝና ደረጃው ላይ መልሱልኝ

ለተከበሩ የመጽሐፍ ዝግጅት ቢሮ ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ የምትመልሰኝ ሠራተኛዎ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ፤ ስብሰባውም በሰላም እንዲያልቅ እመኛለሁ።

መርዶው የመጣ ዕለት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ልጄ ፒንሳዬን ከወሰደ ሦስት ወር ሆኖት ስለነበር፣ ሲመጣ የምለውን በሆዴ እያዘጋጀሁ ሳለ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ የዕቃ ሣጥኑን ይዘው ገቡ። እኔም «ፒንሳዬን ላከ?» አልኳቸው። ፒንሳዋ ሣጥኑ ውስጥ ነበረች። እሱ ግን አሳንሰር ጠግኖ በደረጃ ሲወርድ፣ በሦስተኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል ትንሽ ልረፍ ብሎ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብላ አልተነሣም።

ልጄ ሃያ ዓመት ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። ባልደረቦቹ «ግባ እንጂ!» ሲሉት «እኔ በእግሬ» ስለሚል ስሙ «በእግሬ» ሆኖ ቀረ። «የራስህን ሥራ አታምንም እንዴ?» ስለው «እማዬ፣ ማን እንደሠራው ስለማውቅ እኮ ነው» ይለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አድጋ አባቷን የምታገኘው ከመጽሐፍ ብቻ ነው። የእኔ ብዕር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወደ ቢሮዎ መጣሁ፤ እርስዎም በእኔ ስም የሚጽፍልኝ፣ የራሱ ስም ግን የማይወጣ አንድ ጸሐፊ መደቡልኝ። ስሙ እንዳይወጣ የተደረገበትን ምክንያት ረቂቁን ሳነብ ተረድቻለሁ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጸሐፊዎ ሰባት ቀን ሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ካዳመጠኝ በኋላ፣ ቤቱ ሄዶ የሌላ እናት ልጅ ጻፈ። በረቂቁ ልጄ በእሳት የተያያዘ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ አሥራ አንድ ሰው ካዳነ በኋላ በአሳንሰር ሲወርድ ሞተ። ክቡር ሆይ፣ «እሳት ሲነሣ በአሳንሰር አይጠቀሙ» የሚለውን ማስታወቂያ በየሕንፃው ሲለጥፍ የኖረው ልጄ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ፒንሳዬ የጠየቅሁት ወጥቶ «አንጀቷ አስቀድሞ ነግሯት ነበርና እናት ወደ ሰማይ አንጋጠጠች» የሚል ገብቷል። አንጀቴ ምንም አልነገረኝም። ወደ ሰማይ ያየሁት ልብሱ ሳይደርቅ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ነው። ለምን እንዳወጣው ብጠይቀው «እማማ፣ አንባቢ ይታዘብዎታል» አለኝ። ይታዘበኝ። ልጄ በሕይወት አለ ብዬ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው፤ አላሰርዝም።

ሦስተኛ፦ ጸሐፊዎ «ያልተስማማዎትን ገጹ ዳር ላይ ይጻፉልኝ» ስላለኝ አንድ ወር ሙሉ በእርሳስ ጻፍኩለት። ሁለተኛው ረቂቅ ሲመጣ የጻፍኩት ሁሉ በሰዎቹ አፍ ገብቷል። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም ነበር» ከሚለው አጠገብ «ኧረ ተው!» ብዬ ነበር፤ አሁን ሕፃኑ መጽሐፉን ገልጦ «ኧረ ተው!» ይላል። እሳቱ ከተጻፈበት አጠገብ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብዬ ነበር፤ አሁን ሕዝቡ ተሰብስቦ በአድናቆት «ይህ የማን ልጅ ነው?» እያለ ያጨበጭባል። ገጽ ሰማንያ ላይ መነጽሬ ጠፍቶብኝ «ነገ እቀጥላለሁ» ብዬ የጻፍኩት ደግሞ የልጄ ኑዛዜ ሆኗል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ሳቅ ይዞኝ ረሳሁት። ልጄ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ጸሐፊዎን ከልቤ አመሰግናለሁ።

መጽሐፉ ሐሙስ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ጸሐፊዎን ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ። ያን ደረጃ አብረን እንወጣለን፤ ልጄ የተቀመጠበት ቦታ ተቀምጦ እኔ የምለውን ብቻ ይጽፋል። የልጅ ልጄ የአሳንሰር በር ሲከፈት እጄን አስለቅቃ ወደ ደረጃው ትሮጣለች፤ ይህን ከማን እንዳመጣችው ማንበብ ስትችል መጽሐፉ ይንገራት።

ስብሰባዎ የሚያልቅበትን ቀን በናፍቆት የምትጠብቅ፣ ራሷ ጻፈችው የተባለውን መጽሐፍ ለማንበብ መነጽር የለወጠች፣

አክባሪዎ፣ የበእግሬ እናት

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ዳር ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጸሐፊዎ በማን አፍ እንደሚያስገባው አይታወቅምና። ይህ ደብዳቤ እጃችሁ የገባ አንባቢዎች ግን ደረጃ ስትወጡ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ቆም ብላችሁ ለልጄ ጸልዩልኝ፤ «ነፍስ ይማር» በሉልኝ። በአሳንሰር የምትወጡም በሉለት፤ የጠገነላችሁ እሱ ነው።