ቁልቁለቱን ከአባባ ጋር

ቅዳሜ፣ መስከረም 18 ቀን 2017፣ አውሮራ

ዛሬ የተራራው ቅጠል ሳይረግፍ ላሳያቸው ብዬ አባባን ይዤ ወጣሁ። ሁልጊዜ የሚነዳው ባሌ ነበር፤ እሱ ሥራ ስለገባ ተራራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ነዳሁ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሊማሊሞን በጭነት መኪና ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ባሕር ማዶ እኔ ጋ ከመጡ ወዲህ ግን መስኮት ሥር ተቀምጠው ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ቻምበርስ ሮድ ላይ የሚያልፈውን መኪና ማየት ሆኗል ሥራቸው።

ላይ ደርሰን ፓርክ አደረግኩ። ጫካው እስከ ገደሉ ድረስ ቢጫ ነበር። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዩት።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

«ፍሬንሽ ነው። ዳር ያዢና ይቀዝቅዝ» አሉ ሳይደነግጡ።

ግማሽ ሰዓት ቆምን። ልንነሳ ስንል፣ «አሁን በከባድ ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬን ሳታበዢ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል» አሉኝ።

«አባባ፣ አውቶማቲክ እኮ ነው!»

«አውቶማቲክም ማርሽ አለው። እዚያ ኤል የሚለው ላይ አድርጊው።»

አደረግኩት። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ግን ረጋ ብሎ ወረደ። አባባ እስከ ታች ድረስ ኩርባውን ሁሉ ከሩቅ እያዩ ቀድመው እየነገሩኝ ወረድን። ድምፃቸው እንዲህ ሲደምቅ ከሰማሁ ወራት አልፈዋል።

ማታ እራት ላይ ለባሌ አወራረዳችንን በእጃቸው እያሳዩ ተረኩለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በረዶ ሲጥልስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አሉ።

«እንደጣለ» አልኩ ሳላመነታ። በረዶ ላይ ግን እሳቸውም ነድተው አያውቁም።