እስክሪብቶ የጠየቅሁ ዕለት

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣሉ? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? ይህን እያነበበችልዎ ያለችው እህቴስ ደህና ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምለውም ከአንገት በላይ አይደለም።

ባለፈው ወር ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ነበር። አይደንግጡ፣ ወጥቻለሁ። ቁልፍ የቀየርኩለት የጨርቅ ሱቅ በሩ ሳይሰበር ተዘረፈና ቁልፍ ሠሪውን አምጡት ተባለ። መርማሪው ጠዋት ገና ከመቀመጤ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ፣ የምናገረው ፍርድ ቤት ሊቀርብብኝ እንደሚችል፣ ጠበቃ መቅጠር ካልቻልኩም መንግሥት እንደሚያቆምልኝ ነገረኝ። እኔና ዝምታ ደግሞ እንደማንተዋወቅ ያውቃሉ። የምደብቀው የለኝም ብዬ ለፈለፍኩ። በሩን ስንቴ ከፍቼ እንደሞከርኩት፣ ውዱ ጨርቅ የቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳይቀር ነገርኳቸው። ባወራሁ ቁጥር ነገሩ እየተወሳሰበ ሄደ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የራሴን ቃል መልሰው ሲጠይቁኝ ጠፋኝ። በመጨረሻ፣ አባባ፣ ቤቴ ልግባ እንጂ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ እፈርማለሁ፣ እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ።

መርማሪውን እግዜር ይስጠው፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው።

«እንዲህ ደክሞህ፣ ያለ ጠበቃ አላስፈርምህም። ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለኝ።

በእማዬ ዕድሜ ያሉ ጠበቃ መጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው። ቃሌን መስመር በመስመር አነበቡልኝ። ከዚያ ሦስት ቁልፍ አስረክቤ ባለሱቁ የፈረመበትን ደረሰኝ ከሱቄ አስመጡ። ባለሱቁ እጅ የነበረው ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛው በማግስቱ ከገዛ አማቹ ቤት ከነጨርቁ ተገኘ፣ እኔም ተለቀቅሁ። የሁለቱን ሰዎች ውለታ እስክሞት አልረሳም።

አሁን ግን ለእርስዎ የምናገረው አለኝ። የመጋዘን ኃላፊ ሳሉ እህል ጎደለ ተብሎ ሲያዙ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ «አባታችሁ አላደረገውም» ስትል፣ እኔ በልቤ «ታዲያ ለምን አደረግሁ ብሎ ፈረመ?» እል ነበር። ሁለት ዓመት ታስረው ሲወጡም ሮጬ አልተጠመጠምኩብዎትም። እኔ ግማሽ ቀን አልቻልኩም፤ እርስዎን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነው የጠየቁዎት፣ ዝም ማለት ይችላሉ ያለዎትም ሰው አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ አባባ። ፊቴን እንዳዞርኩብዎ እያወቁ፣ አንድ ቀን ሳይቀየሙኝ ስላሳደጉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እማዬን ልክ ነበርሽ ብሎሻል ይበሉልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ አክስቴንም ከነኩርፊያዋ ይሳሙልኝ። አንቺ እህቴ ደግሞ አንብበሽ ስትጨርሺ በሩን ክፈቺና ስለ አባባ የጻፍኩትን ድምፅሽን ሳትቀንሺ ድገሚው። ያኔ ሰላምታ የነሱን ጎረቤቶችም ይስሙ፤ አባቴ አልሰረቀም።

ልጅዎ
ከቁልፍ መሥሪያ ሱቄ፣ ጥቅምት 9 ቀን