የረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሰዎች

ጎንደር፣ አራዳ
ሚያዝያ 2009 ዓ.ም.

ውድ ራሔል፣

ፊደል ቀስ ብለሽ እንደምታነቢ ነግረሽኝ ስለነበር ይህን ደብዳቤ ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ። ያልገባሽን ዝለዪው። የመጨረሻውን ክፍል ግን እንዳትዘልዪው፤ እሱ ላንቺ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። ያን ሐሙስ አልቀረሁብሽም። አበቡ ኢንተርኔት ቤት የደረስኩት ከሰዓቱ ቀድሜ ነው። አበቡ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«ዛሬ የለም ዙቤ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኔትወርኩ። ጠፍቷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያጠፉትን ጠይቂያቸው!» አለችና ወዲያው ዞር ዞር ብላ አየች። በዚያ ክረምት ከተማው ታምሶ ነበር፤ ሰው የሚናገረው ቃሉን እየመረጠ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከፈለግሽ ገብተሽ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ገባሁና የጠቆረው ስክሪን ፊት ተቀመጥኩ። አንቺ በዚያ በኩል እናትሽን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ እየጠበቅሽኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። የምነግርሽ መንገድ አልነበረኝም። ስልክ ይሠራ ነበር፤ እኔ ግን ቁጥርሽ የለኝም። የረቡዕ ቡድናችን ደንብ ነዋ! የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። ያን ደንብ ወድጄው ነበር። ማንም የማን ልጅ ነሽ የማይለኝ ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ኡዘይር እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ጨርቅ ጭነን ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ማኪናችን ተገለበጠ፤ እኔ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ግን ሁሉን አልነገርኩሽም። ባጃጅ አጠገቤ ሲቆም እጄ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይቀራል። ሐኪሙ ልቤን መርምሮ ጤነኛ ነሽ አለኝ። ዘመዶቼ ቁርኣን አስነበቡልኝ። ለጥቂት ቀን ቀለል ይለኝና ይመለስብኛል። ጠዳ ያለችው አክስቴ ስትሞት ለቅሶዋ ላይ አልደረስኩም። በእግር የሚደረስ አይደለም፤ ማኪና ውስጥ ደግሞ መግባት አልቻልኩም። ዘመድ «ኮራች» አለ። ፈራሁ ከማለት ኮራች መባሉ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ትንፋሽ ልፈልግ ብዬ አበቡ ዘንድ የገባሁት ያን ሰሞን ነው። ስሪላንካ ያለችውን መነኩሲት አገኘሁ። ረቡዕ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሰዎችን በኢንተርኔት ሰብስባ በዝምታ እንደምታስቀምጥ፣ ትምህርቱ የቡድሃ እንደሆነ፣ የማንንም ሃይማኖት እንደማትጠይቅ ተጽፎ ነበር። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ገባሁ። ጡረታ የወጣው የህንዱ መምህር ነበር፤ እጇ ላይ ዱቄት የማይጠፋው የፖላንዷ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ነጭ የነርስ ልብስ የለበሰች አንዲት ጠይም ሴት ነበረች። ካሜራ ይከፈታል፣ ማይክ ይዘጋል፣ ዓይን ይጨፈናል። ሌላ ምንም የለም።

አበቡ ግን ይህንን ከየት ታውቃለች? በሦስተኛው ረቡዕ ይመስለኛል፣ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየችው። ሰው ሁሉ ደርቆ ቀርቷል። ማንም አይነቃነቅም፤ ድምፅም የለም። «እንዴ ዙቤ፣ ስታክ አድርጎብሻል እኮ! ዝም ብለሽ ትከፍያለሽ?» ብላ ከመከልከሌ በፊት ማሽኑን አጠፋችው። ሲመለስ ማይኬ ክፍት መሆኑን አላወቅኩም። «አበቡ፣ አንቺ የማትረቢ፣ ጉድ ሠራሽኝ!» አልኩ። በዚያ ጸጥታ መሃል ነርሷ ዓይኗን ገልጣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ምነው፣ ማንን ነው የምትሰድቢው?»

አንቺ ነበርሽ። መነኩሲቷ ሳትቀር ሳቀች። አበቡ ስክሪኑ ሲያናግራት ደንግጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ሲወጡ እኔና አንቺ እንቀር ነበር። በስምንት ዓመትሽ ከወለቃ እንደወጣሽ፣ አማርኛሽም እዚያው ዕድሜ ላይ እንደቀረ ነገርሽኝ። እውነትሽን ነው፤ የትልቅ ሰው ነገር በልጅ አፍ ታወሪ ነበር። እናንተ አይሁዶችም የጸሎት ቤታችሁን መስጊድ እንደምትሉት ስሰማ «ጎረቤት ኖረን ይህን ሳላውቅ!» ብዬ ተገረምኩ። ደረቴ ሲጨንቀኝ መነኩሲቷ በእንግሊዝኛ የምትለኝ ይገባኝ ነበር፤ አይዘኝም ግን። የያዘኝ ያንቺ ነው። እናትሽ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እርጥቡን ሸክላ ጥላ ላይ ደርድራ ትሄድና አንቺን ታስጠብቅሻለች። ደረቀ አልደረቀ ብለሽ በጣትሽ ከነካሽው ምልክቱ እሳት ከገባ በኋላም አይለቅም። ቶሎ ይድረቅ ብለሽ ፀሐይ ላይ ካወጣሽው ይሰነጠቃል። «አትንኪው፣ ጠብቂው ብቻ» ትልሽ ነበር። «ትንፋሽሽንም እንዲያ ነው» አልሽኝ። «አትንኪው ዙበይዳ። ጠብቂው ብቻ።»

ውልም ተዋዋልን። «ማኪና ውስጥ የገባሽ ዕለት ወለቃ ሄደሽ ደጃፋችንን እዪልኝ። በእግርሽ ከሄድሽ አልቆጥርልሽም» አልሽኝ። እኔም አልሄድኩም። ወለቃ በእግር ሩቅ እንዳልሆነ እያወቅኩ አልሄድኩም።

የመጨረሻው ረቡዕ አንቺ ነሽ የጨነቀሽ። እናትሽ ሰው መለየት እንደተሳናት፣ ዕብራይስጡን ሁሉ እንደረሳችው፣ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ እንደምታወራ ነገርሽኝ። «ግማሹ አይገባኝም» አልሽ። «እናቴ ታወራኛለች፣ እኔ አላውቀውም። ነገ አምጥቼ ላስቀምጣት፤ አዋሪልኝ። ምን እንደምትፈልግ ጠይቂልኝ።» እመጣለሁ አልኩሽ።

ኔትወርኩ ለብዙ ወራት ጠፋ። ረቡዕ ረቡዕ የጨርቅ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ጣቃው ላይ እቀመጥ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ አልሆነልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ወንበር ነው፤ አንዳንዴ እናትሽ ያለችበት፣ አንዳንዴ ኡዘይር። አብሮኝ የሚተነፍስ ሰው መኖሩን ካላወቅኩ ዝምታው ይከብደኛል። ለሰፈር ሰው ምን ብዬ ልንገር? «ጓደኞቼ ጠፉብኝ» ብል «የትኞቹ ጓደኞችሽ?» ነው የሚሉኝ።

ወንድሜ ዐብዱልከሪም ከመጀመሪያውም አልወደደውም ነበር። አንድ ቀን ሱቅ መጥቶ ቆመብኝ።

«ሰው የሚለውን ሰምተሻል?»

«ምን ይላል አያ?»

«ዙበይዳ ጣዖት ፊት ትቀመጣለች ይላል።»

«ጣዖት ፊት አልተቀመጥኩም። የተቀመጥኩት መነኩሲቷ ፊት ነው። ሐውልቱ ከኋላዋ ነው ያለው።»

«አየሽ! አለ ማለት ነው!»

«ለሐውልቱ አልሰግድም። ሶላቴንም አልተውኩም።»

«ታዲያ ከሶላት ምን ጎደለና ነው?»

«ከሶላት ምንም አልጎደለም። የጎደለው እኔ ላይ ነው።»

ወጥቶ ሄደ። ኔትወርኩ የጠፋ ጊዜ ግን «ይኸው አላህ ገላገለሽ» አለኝ። ያን ሳምንት አላናገርኩትም። ራሔል፣ እኔም ራሴን ምን ብዬ እንደምጠራ አላውቅም። ሙስሊም ነኝ። ረቡዕ የምቀመጠው ደግሞ ቡድሃ ባስተማረው መንገድ ነው፤ ይህንንም አልክድም። የሁለቱን ነገር ለብቻዬ ይዤ መዞር ከብዶኛል። ከናንተ ጋር ስሆን ማንም ምረጪ አላለኝም።

ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግኩት ስምሽን ነው። የለሽም። መነኩሲቷ «ጥቂት ጊዜ መጥታ ‹የጎንደሯ መጣች?› ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ ቀረች» አለችኝ። በኢሜይል ጻፈችልሽ፤ መልስ አልመጣም። የህንዱ መምህር፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሁሉም እንኳን መጣሽ አሉኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ አለቀሰች። እኔ ግን «የጎንደሯ መጣች?» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጠርተሽኝ ያልመጣሁ አድርገሽ ትቆጥሪኝ ይሆን? እናትሽ ስንት ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች?

ያለኝ አንድ መንገድ ወለቃ ነበር። ካንቺ አገር የሚመጡ ሰዎች የድሮ ቤታቸውን ሊያዩ ወደዚያ እንደሚወጡ አውቃለሁ። ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

«አያ፣ ወለቃ ድረስ አድርሰኝ።»

«በምን?»

«በማኪናህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የኡዘይርን ሬሳ ከኮሶዬ ይዞ የመጣው እሱ ነው።

«ለዚያች ለስክሪኗ ሴትዮ ብለሽ ነው?»

«ለእናቷ ብዬ ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐሙሱን፣ ወንበሩን፣ ልጅቷ የእናቷን ወሬ ግማሹን እንደማትሰማ። የኛ እናት ስትሞት የመጨረሻ ቃሏን የሰማው እሱ ነው። «ረቡዕ ከዙህር ሶላት በኋላ ተዘጋጂ» አለኝ።

ረቡዕ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። ገባሁ። ከከተማው ስንወጣ ያ የደባርቅ መንገድ ፊቴ ተዘረጋና ትንፋሼ ቀረ። የበሩን እጀታ ይዣለሁ። ዳር ይዞ አቆመ።

«ልመልስሽ?»

«አይ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሴትዮዋ እንዲህ ሲይዝሽ ምን ነበር የምትልሽ?»

«አትንኪው… ጠብቂው ብቻ።»

«ምኑን?»

«ትንፋሼን። እንደ እርጥብ ሸክላ።»

አሰበና ሞተሩን አስነሳ። ሰው በእግሩ ሊቀድመን እስኪችል ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «እንዳትነኪው» ይለኛል። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲያምባርቅብን መስኮቱን አውርዶ «ሸክላ ጭኛለሁ!» ብሎ ጮኸበት። ራሔል፣ ያን መንገድ ስቄ አልፈዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ ሳቅኩ።

ወለቃ እማማ አምሳል የሚባሉ ሸክላ ሠሪ አገኘን። የናንተ ሰዎች ሲሄዱ የቀሩ ክርስቲያን ናቸው። የነገርሽኝን የእናትሽን ስም ስጠራ ጭቃ የነካ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አዝመራ? የኛ አዝመራ? አለች እንዴ?»

«አላውቅም እማማ። ዐምና ነበሩ።»

«እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ወይ አዝመራ! ሳይደርቅ የነካባት ልጅ ወዮለት!»

ደጃፋችሁን አሳዩኝ። ግድግዳው ወድቋል። የበሩ መርገጫ ድንጋይ ግን አለ፤ መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። እዚያው ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ አጠገቤ ሲቀመጥ ሰማሁት።

«የምትቀመጡት እንዲህ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለዚህ ነው? ሱብሓነላህ!» አለ። ግን አልተነሳም። ሐሳቡን ለወጠ ብለሽ እንዳታስቢ፤ በማግስቱ ስለ ሐውልቱ እንደገና ጠይቆኛል። ብቻ የዐስር ሶላት እስኪደርስ አብሮኝ ተቀምጧል።

ደብዳቤውን ነገ ለእማማ አምሳል አደርሳለሁ፤ በማኪና። ካንቺ አገር ለሚመጣ የወለቃ ሰው ይሰጡልኛል። «ስንት ራሔል አለ፣ ይደርሳል ወይ?» ስላቸው «የአዝመራ ልጅ ካልሽ የማይደርስ ምን አለ?» አሉኝ።

አሁን ከዚህ በታች ያለውን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የዚያ ሐሙስ ነው፤ ዘግይቷል። ካለፉም አንብቢው፤ አንቺ ስሚው።

እማማ አዝመራ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የአራዳዋ ጨርቅ ነጋዴ ዙበይዳ ነኝ። ልጅዎ ስለጠራችኝ ነው የመጣሁት። ደጃፍዎ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መርገጫው ድንጋይ አለ። አምሳል ደህና ናት፤ ዛሬም እርጥቡን ጥላ ላይ ነው የምትደረድረው። ራሔል ያስጠበቋትን ሸክላ አልነካችም። ያስተማሯትን ለኔ አስተምራኝ፣ በሱ ነው እዚህ የደረስኩት። የሚነግሯት ነገር ካለ ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ደግመው ይንገሯት። ባይገባትም አጠገብዎ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ራሔል፣ እኔ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት አበቡ ቤት ነኝ። አበቡ ያቺን ወንበር ለሌላ አትሰጥም፤ ማሽኑንም አታጠፋብኝም። ኔትወርኩ ደግሞ የጠፋ ዕለት ማይኬን ዘግቼ የተቀመጥኩ አድርገሽ ቁጠሪኝ።

እህትሽ
ዙበይዳ