የወረንጦው ግማሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 1931 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ኢብራሂም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አይውረዱ። ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፍልዎታለሁ፣ ይህን ግን አስቀድመው ያንብቡት። በእርስዎ ሳጥን ምክንያት አባቴ ታስሯል፣ ሊሰቀል ነው የሚል ወሬ ሰምተው እጅዎን ለጣልያን ሊሰጡ እንደተነሱ ጥጥ ነጋዴው ነጅሙዲን ነገረን። አባቴ አልታሰረም። ይኸው ከአጠገቤ መደቡ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። ሳጥኑን ሰብረውታል፣ የፈለጉትን ግን አላገኙበትም። ስለዚህ ካሉበት አይነቃነቁ።

የምጽፍልዎት እኔ ሙሀባ ነኝ፣ የእህትዎ የጣይባ ልጅ። ፊት ለፊት ሆና አንድ ሙሉ ነገር ተናግራ የማታውቅ ልጅ ይህን ሁሉ ስትጽፍ ይገርምዎት ይሆናል። በወረቀት ላይ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ስለሌለ ይቀለኛል።

በመስከረም ወደ አርበኞቹ ሲሄዱ ሳጥኑን ከእናቴ አልጋ ስር አስገብተው፣ ሰው ልኬ እወስደዋለሁ ብለው ቁልፉን አንገትዎ ላይ አሰሩት። አርባ ጥይት እንዳለበት አባቴና እናቴ ያውቁ ነበር። እኔም ማንም ሳይነግረኝ ሰምቼ አውቅ ነበር። ሰው ሳይመጣ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ተጨመረ።

ያለፈው ሳምንት ረቡዕ አቶ ተፈራ ከሁለት ባንዳዎች ጋር መጡ። ያስታውሷቸዋል፣ ጦርነቱ ሳይመጣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የጣልያን አስተርጓሚ ሆነዋል። በገበያው ዙሪያ ያለውን ቤት ሁሉ እየዞሩ የተቆለፈ ሳጥን ይመዘግባሉ። የእርስዎን ከአልጋው ስር አስጎትተው አወጡና ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቁ። አባቴ፣ የሚስቴ ወንድም ይዞት ለንግድ ሄዷል አላቸው። እሳቸውም መዝገባቸው ላይ ጻፉ፣ ክዳኑ ላይም በኖራ ምልክት አደረጉ። ቅዳሜ የጣልያኑ ሹም ራሱ ይመጣል፣ ቁልፉ ካልተገኘ እኛው እንሰብረዋለን፣ ከዚያ በፊት ተሰብሮ ወይም ከቤት ወጥቶ ቢገኝ ግን የቤቱ ባለቤት ይጠየቅበታል ብለው ሄዱ። በካራቆሬ መንገድ አምስት ጥይት የተገኘበት ሰው ምን እንደሆነ እርስዎም ሰምተዋል።

በማግስቱ በማለዳ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ከጓሮ ሆኜ ሰማሁ። ሳጥኑ የኔ ነው እላለሁ፣ ያኔ አንቺንና ልጅቱን አይነኩም አላት። እናቴ እያለቀሰች የእርስዎን ስም ስትጠራ፣ «ስሙን አታንሺብኝ» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የፈራሁትም ለዚሁ ነው።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኔም ተቆጥቼብዎት ነበር። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል። አባቴ አደራ አልቀበልም ማለት እንደማይችል ያውቃሉ። እያወቁ ነው ሳጥኑን ከአልጋችን ስር ያስገቡት።

ግን እኔና እርስዎ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበረ። ከመንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ፋኖስ ጠግነው በዋጋው ፈንታ ያገኙት ያ ቢጫ ጓጉንቸር፣ በኋላ ለሳጥኑ ያደረጉት፣ እሱን ነው የምልዎት። ምሳ ሳመጣልዎት የጥገና ሱቅዎ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጅዎን ነበር የማየው። አንድ ቀን፣ ከማፍጠጥ ይልቅ ነይና ሞክሪው አሉኝ። በውስጡ አምስት ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረው እንዳሉ፣ ቁልፉ ሲገባ ሁሉንም በየልካቸው እንደሚያነሳቸው፣ ቁልፍ በሌለ ጊዜ ግን በመርፌ አንድ በአንድ መነሳት እንዳለባቸው አስረዱኝ። የተነሳው ተመልሶ እንዳይወርድ ሌላ ብረት ከቀዳዳው አፍ ገብቶ፣ እርስዎ ልቡ የሚሉትን፣ ከቁልፉ ጋር የሚዞረውን ክብ፣ ወደ መዞሪያው ገፋ አድርጎ ይይዘዋል። መወጠሪያ ብለው ጠሩት። «ሰው ሁሉ ለመርፌው ነው የሚጨነቀው፤ አንቺ መጀመሪያ መወጠሪያውን ምረጪ» አሉኝ።

በመሣሪያ ጣሳዎ ውስጥ ሦስት መወጠሪያዎች ነበሩ። አንዱ ከበርሜል ቀለበት የተቆረጠ ወፍራም፣ አንዱ ከጃንጥላ የወጣ ድቡልቡል፣ አንዱ ስስ የሰዓት ሞላ። ምረጪ ሲሉኝ ሁልጊዜ ወፍራሙን ነበር የማነሳው። የማይታጠፍ ነገር ያስተማምነኛል። እርስዎም፣ ቀንበር ነው እንዴ የምትጭኝበት፣ ይሄ በሬ አይደለም እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ አፍሬ አንገቴን እደፋለሁ፣ ወፍራሙ ለምን እንደማይሆን ሳልጠይቅዎት እቀራለሁ። በሰዓት ሞላው ሁለት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዴት እንደከፈትኩት አላወቅሁም። እርስዎም፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ልጅቱን ሌባ ሊያደርጋት ነው ይሉኛል ብለው አስጠነቀቁኝ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሮቢ ወንዝ ውሃ ልንቀዳ ወርደን ሳለ ለእናቴ ነገርኳት። እንስራዬን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስት ጊዜ ደፋሁት፣ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የወጣልኝ። ያለ ቁልፍ መክፈት እችላለሁ፣ ጋሼ አስተምረውኛል አልኳት። መጀመሪያ በእርስዎ ተቆጣች። ከዚያ የራሷን እንስራ መሬት አስቀመጠችና ዙሪያውን አየች።

«አባትሽ አይስማ» አለችኝ። «የሆዱ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው የሚነበበው። ነገ ለጁምዓ ሲሄድ።»

አባቴ አርብ ወደ መስጊድ እንደወጣ ሳጥኑን ከመጋረጃው ጀርባ ጎተትነው። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የእርስዎን ጣሳ ባንዳዎቹ ሱቁን ሲበረብሩ ስለወሰዱት ሁሉንም ከቤት መፈለግ ነበረብኝ። ለዘንጎቹ የጥጥ ጆንያ የምንሰፋበት ጫፉ የጎበጠ መርፌ አለን። የቸገረኝ መወጠሪያው ነው። እንደ ልማዴ ወፍራሙን አስቀደምኩ፤ የተሰበረ ማጭድ ጫፍ በድንጋይ ሞርጄ ሠራሁት። ቀዳዳውን ሞላውና መርፌው መግቢያ አጣ። ቀጥሎ ከአሮጌው ጃንጥላ አንድ ብረት ነቅዬ አጠፍኩት። መግባቱን ገባ፣ ግን ድቡልቡል ስለሆነ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ልቡን አይዝልኝም።

ሁለቱንም ወደ ጎን ጥዬ ቁጭ አልኩ። እናቴ ምን ሆነሽ ብላ መጥታ ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ያሰረችው ወረንጦ ዓይኔ ፊት ተወዛወዘ። ሁለት እግሩ ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። እሱን ስጪኝ አልኳት።

«እሾህ በምን ልናወጣ ነው?» አለችኝ፣ እያለች ግን ትፈታው ነበር። ከመታጠፊያው ላይ በድንጋይ መትታ ለሁለት የከፈለችውም እሷው ናት።

የአንዱን ግማሽ ጫፍ ፍም ውስጥ አግዬ አጠፍኩት። ቀዳዳው አፍ ላይ ጥጉን ይዞ ቁጭ አለ፣ ለመርፌውም ቦታ ተረፈው። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጀመርኩ። ግን ዘንጎቹ አልነሳ አሉኝ። ሁሉም እኩል ደርቀው ቆሙ። እየደረቁብኝ በሄዱ ቁጥር እኔ ደግሞ መወጠሪያውን እያጠበቅኩ ሄድኩ።

እናቴ ስለ ጓጉንቸር የምታውቀው ነገር የለም። ጣቴን ግን ታውቀዋለች፣ እንዝርት ያስያዘችኝ እሷ ናት። ጥፍሬ እስኪነጣ እንደጨበጥኩ አየችና፣ «ድር የምትፈትዪ መሰለሽ። ማግ አድርጊው» አለችኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ እንዝርት ስለማይዙ ላስረዳዎት። በእኛ ቤት የሚፈተለው ድር ብቻ ነው። ሸማኔው ሲወጥረው እንዳይበጠስ ጠበቅ ተደርጎ ይከርራል፣ የጣይባ ቤት ድር ተብሎ ነው ገበያ የሚወጣው። ማግ ግን ላላ ብሎ ነው የሚፈተል፤ ጣት ጥጡን የያዘም ያልያዘም ይሆናል። የእኔ እጅ ከልጅነቱ ድር ብቻ ስለለመደ፣ የሚይዘውን ሁሉ ያከራል። ወፍራሙን ብረት የሚያስወድደኝም ይኸው እጄ ነው። በወፍራም ብረት ሲያጠብቁ ብረቱ ምንም አይነግርም። የወረንጦው ግማሽ ግን ሳጠብቅ ጎበጠ፣ ስለቅ ቀና። ምን ያህል እንደያዝኩ እሱ ራሱ ነገረኝ። ሌላ ሰው ሲያስተምሩ፣ ወፍራሙን አትያዝ ብቻ ብለው አይተዉት። ለምን እንደሆነም ይንገሩት።

ማግ አደረግሁት። በመርፌው አንድ በአንድ ስነካ ሦስተኛው ዘንግ ብቻ ጠንከር ብሎ ጠበቀኝ፣ ሌሎቹ ልል ነበሩ። እሱን ገፋሁት። ጥርስ ሲነካ የሚሰማ ዓይነት ትንሽ ድምፅ ሰጠና ልቡ የፀጉር ያህል ዞረ። ቀጥሎ የመጀመሪያው፣ ቀጥሎ አምስተኛው ተነሱ።

ይሄኔ እትዬ ዘይቱና መጡ። ጎረቤታችንን ያውቋቸዋል፣ አንዴ ከተቀመጡ አይነሱም። እናቴ ሙሀባን ወባ ይዟት ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች አለቻቸው።

«ወባ ነው ወይስ ባል?» አሉ። «በዚህ ዕድሜ ሁለቱም ያንቀጠቅጣል።»

መወጠሪያውን ብለቀው ሦስቱም ዘንጎች ይወድቃሉ፣ እንደ ገና ልጀምር ደግሞ ጊዜ የለም። በግራ እጄ ማግ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘይቱና ስለ ፍየላቸው አወሩ፣ ማጀቱ የኔ ነው ስላለችው ምራታቸው አወሩ፣ ለወባ ምን እንደሚሻል ተናገሩና ልዳብሳት ብለው ተነሱ። እናቴ፣ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት፣ እባክዎ ይተዉልኝ አለቻቸው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። ጣቴ ግን አልጠበቀም፣ አልለቀቀምም። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን አምኜ አላውቅም።

ሲሄዱ ሁለቱ ዘንጎች ተከታትለው ተነሱ፣ ጓጉንቸሩም ተከፈተ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ጥይቶቹን በጨርቅ ጠቅልለን ከበረቱ ጓሮ ካለው ፍግ ስር ቀበርናቸው፣ በሳጥኑ ውስጥ የፈተልኩትን ድር ሁሉ ሞላን። ጓጉንቸሩን ስንጫነው ራሱ ተቆለፈ። የኖራው ምልክት እንዳለ ነው።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ እናቴ ሳጥኑን ወደ አልጋው አስጠጋልኝ አለችው። የጥይቱን ክብደት ገምቶ በሁለት እጁ ብድግ ቢያደርገው ተንጋሎ ሊወድቅ ነበር። ሳጥኑን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ጣይባ፣ ጂን ነው የገባበት?»

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አሳየችው። አባቴ ጓጉንቸሩን አየ፣ እጄን አየ፣ ሳጥኑን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ቅዳሜ ሹሙ መጣ። ወታደሩ ጓጉንቸሩን በጠመንጃው ሰደፍ ሦስት ጊዜ መትቶ ከነማያያዣው ገነጠለው። ድሩ መሬት ላይ ተዘረገፈ። አቶ ተፈራ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱና፣ ለዚች ነው ይህን የሚያህል ጓጉንቸር ያጠለቁላት ብለው አባቴን ጠየቁት፣ ባንዳዎቹም ሳቁ። አባቴ፣ የልጄ ነው፣ ለሰርጓ ልብስ ይሸመንበታል አላቸው። ሹሙ ድሩን በጫማው ገፋ አድርጎ ወጣ።

አቶ ተፈራ ኋላ ቀሩ። ጓጉንቸሩን ከመሬት አነሱት። በቀዳዳው ዙሪያ መርፌዬ የጫረው አዲስ ጭረት ነበረበት፣ እኔም አይቼዋለሁ። እሳቸው ጭረቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ጓጉንቸሩን ኪሳቸው ከተቱት። «ፊደልሽን እንዳትረሺ» ብለውኝ ሄዱ። እስከ ትናንት በር በተንኳኳ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ እገባ ነበር። ይኸው አምስት ቀን ሆነ፣ ማንም አልመጣም። ዛሬ ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ።

ጥይቶቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣሉ፤ ነጅሙዲን ከሚጭነው ጥጥ ውስጥ አፉ በጥቁር ክር በተሰፋው ጆንያ መሃል ናቸው። አርባውም አሉ። ደብዳቤውን ካነበቡት በኋላ ያቃጥሉት።

ይህን ስጽፍ አባቴ ነቃ። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለማንም እል ነበር። «ለጋሼ ኢብራሂም» አልኩት። በፊቱ ስምዎ ከተነሳ ሰባት ቀን ሆኖታል። እናቴ እንዝርቷን አቁማ ጠበቀች። አባቴ ጣሪያውን እያየ፣ «ሰላም በይው» አለ። «ቤቱ ነው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ይምጣ። ሳጥን ይዞ ግን አይምጣ።»

ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። አሁን ተመልሶ ማንኮራፋት ጀምሯል።

ከአባቴና ከእናቴ ሰላምታ ጋር፣
ሙሀባ ሁሴን