ቆርቦ በባዶ እግር አይኬድም

ረቡዕ

ሁለቱንም የልጅ ልጆቼን ጭቃ በጭቃ አድርጌ መለስኳቸው። ከአያት ሰፈር ወዲያ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ታክሲው "ከዚህ አላልፍም" ብሎ አራገፈን። ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቀረልን ገደሉን ተጠግቶ የሚወርደው የእግር መንገድ ብቻ ነው። በበጋ ፍየል ይሄድበታል። በክረምት ፍየልም እምቢ ይላል። በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ባዶ ነው፤ ወንዙ ከታች ሲጮህ ይሰማል። ሶስና ሰባት ዓመቷ ነው ብዬ ከፊት አስቀደምኳት፤ አራት ዓመት የሆነውን ናሆምን በእጄ ያዝኩ። መሀል ላይ አዳለጠኝና ቁጭ አልኩ። ናሆም ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

እዚሁ ሰፈርሽ ሰሚት ቤተ ክርስቲያን አጥተሽ ነው ወይ ይሉኛል። አላጣሁም። የንስሐ አባታችን ግን ገደሉ ሥር ካለችው ማርያም ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆች ያጠመቁ እሳቸው ናቸው። ዛሬ "ፍልሰታ ሳያልፍ ይቁረቡ፣ ዓርብ ይዘሻቸው ነይ" አሉኝ።

ማታ እናታቸው፣ ልጄ ሕይወት፣ ከቦሌ ቢሮዋ ገብታ ልብሳቸውን አየች። ባሏ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ ንዴቷን የምታወርደው እኔው ላይ ነው። "እማዬ፣ በቃ! ሞግዚት አስመጣለሁ። አንቺም ደብረ ብርሃን አበበ ጋ ሄደሽ ታርፊያለሽ።"

ላርፍ! አበበ ወንድ ልጄ ነው። ሚስቱ ካነጋገረችኝ ፋሲካ አልፏል።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የሰማዩ ሲፈስ የቧንቧው የለም። ከታች ውሃ በጀሪካን እያወጣሁ የልብሳቸውን ጭቃ አጠብኩ። ጉልበቴ ደረጃውን ጠላው።

ሕይወት ከደላላ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "አዳሪ ነው የምፈልገው፤ ማደሪያ ክፍል አለን" አለችው። ክፍሉ የኔ ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ያኔ ሕይወት ትስቅብኝ ነበር። አሁን የምጽፈውን ብታገኘውም አታነበውም፤ ጊዜ የላትም።

ስለ ነገ ነገርኳት። ቁርባን ነውና አልከለከለችም። "ግን እማዬ፣ አንዳቸው እንኳ አንድ ጭረት ይዞ ከመጣ የዚያኑ ዕለት ለአበበ እደውላለሁ" አለች። እሺ አልኩ።

ለነገ፦ ነጠላቸው። ከቆረቡ በኋላ የሚቀምሱት ዳቦና ውሃ። ዱላዬ። ለናሆም የእህቱ አሮጌ የላስቲክ ቦት ጫማ። ይሰፋዋል፤ ካልሲ እደርብለታለሁ።

ዓርብ

ቆረቡ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ስንወርድ ቀለም በቀለም የለበሱ ወጣቶች ገደሉ ላይ አገኘን።

"ሃይኪንግ ነው እማማ፣ የእግር ጉዞ፤ ከቦሌ ነው የመጣነው" አለችኝ አንዷ።

"ማን አስገድዷችሁ?"

"ኧረ ከፍለን ነው!"

ከፍሎ ጭቃ የሚገባም አለ። አንዱ ደግሞ "እማማ፣ እርስዎማ ፕሮፌሽናል ነዎት" ብሎ አላገጠብኝ። "ስታረጅ አንተም በነፃ ታገኘዋለህ" አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት።

ቅዳሴው ወደ ዘጠኝ ሰዓት አለቀ። የቆረበ ሰው አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ደም እንዳይወጣው ይጠነቀቃል። ደጀ ሰላሙ ላይ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ከዚያ ዳገቱን ጀመርን፤ ዝናቡም ጀመረ።

ናሆም በፊቱ ወደቀ። አፉ ጭቃ ሞላ። "እንዳትተፋ!" ብዬ ጮህኩ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት፤ የቀረውን ዋጠው።

"እማማ፣ ጭቃ የጾም ነው?"

"የጾም ነው። ዝም ብለህ ሂድ።"

ትንሽ እንደሄድን ጭቃው ቦቱን ያዘው። እግሩ ወጣ፣ ቦቱ ቀረ። ላወጣው ስታገል አመለጠኝና ተንከባሎ ገደል ገባ። ካልሲውም አብሮ። ሰፊ ጫማ ያደረግሁለት እኔው! ልጁ ባዶ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ነጠላዬን ጨምድዶ ይዞ ያየኛል። ቆርቦ በባዶ እግሩ ላስኪደው?

አዘልኩት። በነጠላዬ ጠፍሬ አሰርኩት። ሶስና ዱላዬን ተቀብላ ጭቃውን እየወጋች "እዚህ ርገጪ፣ እዚህ አትርገጪ" ትለኛለች። ጠባቡ ቦታ ላይ መቆም አቃተኝ፤ በእጄና በጉልበቴ ዳኽኩ። ድንጋዩ ጉልበቴን ሲበላው ይሰማኛል። ናሆም ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ከላይ ስንደርስ ሶስና "እማማ፣ እንደ ሕፃን እኮ ዳኽሽ" አለችኝ።

ለእናትሽ እንዳትነግሪ አልኳት።

ቅዳሜ

ነገረቻት። "ቆርቤ እንዴት ልዋሽ?" አለችኝ።

ልጆቹ አንድ ጭረት የለባቸውም። የኔ ጉልበት ግን እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። ሕይወት መጥታ ቆማ አየችው።

"ገደል ላይ? ልጄን አዝለሽ? ብትወድቂስ?"

"አልወደቅኩም።"

"ብትወድቂስ ነው የምልሽ!"

"በባዶ እግሩ ላስኪደው ኖሯል? ቆርቦ?"

ቅባት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ አልቀባችኝም። ከዚያ ስልኳን ይዛ በረንዳ ወጣችና በሩን ዘጋች። አበበ መሆኑ ገባኝ። ልብሴን ፌስታል ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ። ብዙ አይደለም።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ "ተነሺ፣ መንገዱን አሳዪኝ፤ አባን ራሴ አናግራቸዋለሁ" አለችኝ። አሮጊት ገደል የሚያስወርዱት ለምንድን ነው ልትል ነው። ልጆቹን ጎረቤት ተውናቸው። በነጭ ጫማዋ ወጣች። ዱላዬን ይዤ ቀደምኳት።

ጭቃው ገና መጀመሪያው ላይ ተቀበላት። "አሁንም በዚህ ነው?" ትላለች። አዎ እላለሁ። ጥቂት ሄዳ "አሁንም?" ትላለች። ጠባቡ ቦታ ስንደርስ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ልትደግፈኝ መስሎኝ ተናደድኩ፤ ዞሬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማዬ፣ እንዳትለቂኝ።"

ዱላዬን ተክዬ ቆምኩላት። ወደ ታች አትዪ፣ ተረከዝሽን አስቀድሚ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች።

አባን ስታገኝ እጃቸውን ተሳልማ "ይባርኩኝ አባ" ብቻ አለች። ያን ሁሉ ዝታ!

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ በመስኮት እያየች፣ "ሞግዚቷ ተመላላሽ ትሁን፤ ማደሪያ አያስፈልጋትም፣ ማታ ማታ ወደ ቤቷ ትግባ" አለች። እኔም በወዲያኛው መስኮት እያየሁ "እንደ ወደድሽ" አልኳት።

ለአበበ ምን እንዳለችው አልጠየቅኩም። ልብሴ እስካሁን ፌስታሉ ውስጥ ነው። አንድ ቀሚስ ብቻ አውጥቼ ሰቅያለሁ።