የጥር ወር ሰዓት አልገጠመልኝም

ይድረስ ለወንድሜ ለሉቃስ፤ ጉጂ፣ ወርቅ ማውጫው ሰፈር።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ፣ እንቅልፍህስ፣ የምትበላው እህል ይስማማሃል? እኔ፣ ባለቤቴ ተካና ልጃችን ምስጢር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። አንተ ግን ደህና ነኝ ስትለኝ ስላላመንኩህ በደብዳቤ ደግሜ ጠየቅሁህ። ስልክ ላይ ጠበቅ አድርጌ ስይዝህ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ስለ እማዬ ስናወራ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ወረቀት ቢያንስ አይቆራረጥም።

አምና ከሮበሌ ጋር በሽርክና ጉድጓዱን ስትጀምሩ የውሃ መሳቢያውን ሞተር የገዛሁላችሁ እኔ ስለሆንኩ፣ የሠራችሁበትን ሰዓት በየሳምንቱ ትነግረኝ ጀመርክ። ያስተማርከኝም አንተው ነህ፤ አራት ሰው ስምንት ሰዓት ቆፍሮ ካጠበ፣ ደህና ቀን ከሆነ ሁለት ግራም፣ ካልቀናው አንድ ግራም ያገኛል ብለኸኛል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስንት ሰዓት እንደተሰፋ ከነገሩኝ ስንት ሸሚዝ መውጣት እንዳለበት ሳላይ እናገራለሁ። በዚያው ልማዴ ለቡ ተቀምጬ የእናንተንም ወርቅ መገመት ያዝኩ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግምቴ ብዙም አልሳተም ነበር።

ነገር የተበላሸው ጥር ላይ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሠራን አልከኝ፣ እሑድን እንኳ ሳታስቀር። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እሑድ ቸርች ቀርተህ አካፋ የምትይዘው? ሁሉም ቀን ያልቀና ነው ብዬ ባስበው እንኳ ሠላሳ ግራም ይሆናል። ወጣ ያልከኝ ግን ስድስት ግራም ነው። ተካ ወርቅ እንደ ሸሚዝ አይደለም፣ ልጁን አትጠርጥሪው ቢለኝም አልሰማሁትም። አልዋሽህም፣ ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ከገበቴው ላይ እየቆነጠረ ለብቻው ይሸጣል አልኩ። ሳይነግረን ሚስት አግብቶ እዚያው ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል ብዬም ለተካ ምየለት ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ሃሩን ሱቅ ሄድኩ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ያለው፣ የሞተር መለዋወጫ ይዞ ወደ እናንተ አገር የሚመላለሰው ሃሩን ነው። ሥራ እንዴት ነው ስለው፣ ከጥምቀት በፊት እናንተ ሰፈር አንድ ሰው ላይ አፈር ተንዶበት እንደነበረ ነገረኝ። እሱ ወሬውን የሰማው ከተማ ላይ ስለሆነ የሰውዬውን ስም አያውቅም። በሕይወት መውጣቱን ግን ሰምቷል። በእናንተ ዘንድ ደግሞ አፈር ሰው ከያዘ ሽማግሌዎች ቦታውን አይተው እስኪፈቅዱ ድረስ ማንም ጉድጓድ አይገባም አለ። ከዚያ ወዲህ ወሩ እስኪያልቅ የዶማ ድምፅ አልተሰማም አለኝ።

ቤቴ ገብቼ እንደገና አሰብኩት። ስድስት ግራም የስድስት ቀን ሥራ ነው፤ ከወሩ መጀመሪያ ጥምቀት ጥቂት ቀን እስኪቀረው ማለት ነው። ወርቁ እውነቱን ነው፤ የዋሸኝ ሰዓቱ ነው። ደግሞስ ወርቅ የሚሰርቅ ሰው ሰዓቱን ይቀንሳል እንጂ ለምን ይጨምራል? ሰዓት የሚጨምር ሰው የሚደብቀው ወርቅ የለውም፤ የሚደብቀው መተኛቱን ነው። ያን ጊዜ በስልክ የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ስትስቅ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ውሃ አቀብሉኝ ስትል ሁለት ጊዜ ሰምቼሃለሁ። አንተ ተነሥተህ ውሃ መቅዳት የሚያቅትህ ሰው ነበርክ? ሉቃስ፣ ፈርቻለሁ። ሌባ ብትሆንልኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ምንም አልሰማችም። አንተን በጸሎት ስታነሣ አጠገቧ መቀመጥ አቅቶኝ እየወጣሁ ነው። በጣም ሰላም ትልሃለች፤ ብርድ እንዳይመታህም ብላለች። ተካ አይዞህ ይልሃል። ምስጢር የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ አጎቴ ይይልኝ ብላለች። ለሮበሌ ሰላምታዬን ንገረው፤ አብሮህ መደበቁን እንዳወቅሁም ጨምረህ ንገረው። እናቱን እጅ ነሥቻለሁ፤ ያበሉህ እሳቸው ይመስሉኛል። ለለሊሳና ለቀሩትም ሠራተኞች ሰላም በልልኝ።

ደብዳቤውን የሚሰጥህ ሃሩን ነው። እሱንም ስለማላምነው ነገ አብሬው እሳፈራለሁ፤ ለእማዬ ሐዋሳ ሥራ አለኝ ብያታለሁ። እኔም ዋሸሁ። ድንገት ብገባብህ ደህና ለመምሰል ብለህ ለመነሣት ትታገላለህ፤ አውቅሃለሁ። ለዚህ ነው ወረቀቱን ያስቀደምኩት። ይህን ስታነብ ደጅህ በቆመው የሃሩን መኪና ውስጥ ነኝ። ተኝተህ ከሆነ አትነሣ፤ እኔ እገባለሁ።

እህትህ ኤሌኒ
ለቡ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.