ስለ መኪናዬ ኮምፒዩተርና ስለ ኤልካና ኦዱዎር ስም

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2014

ለሐይቅ ዳር መኪና ጠጋኞች ማኅበር
ለሊቀመንበሩ ለክቡር አቶ ዊክሊፍ ኦማምቦ
ኪሱሙ

ጉዳዩ፦ ከአራት ዓመት በፊት በመካኒክ ኤልካና ኦዱዎር ላይ ያቀረብኩት ክስ ትክክል ስላልነበረ ውሳኔው እንዲሻር ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

እኔ አመልካች ሮዘሊን አዉኦር የሟች ጆአሽ ኦጎላ ባለቤት ስሆን የምተዳደረው ደረቅ ዓሣ በመነገድ ነው። ኤልካና ኦዱዎር ወደ ግቢያችሁ ተመልሰው ለመሥራት ማመልከታቸውን ገልጻችሁ፣ ተቃውሞ ካለኝ እስከ ዓርብ በጽሑፍ እንዳሳውቅ የላካችሁልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልስ ካልሰጠሁ የቀድሞው ውሳኔ እንደሚጸናም ተጽፏል። እኔ ዝም ካልኩ እሳቸው ለሁልጊዜው ሊቀሩ ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. እ.ኤ.አ. በ2010 ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው አሮጌ ስቴሽን ዋገን ሞተሩ ሲሞቅ እየጠፋ፣ ሲበርድ እየተነሣ አስቸገረኝ። ኤልካና ሁለት ቀን ሙሉ የነዳጅ ፓምፑንና ሽቦውን ሲፈትሹ ቆይተው ችግሩ የሞተሩ ኮምፒዩተር መሆኑን ነገሩኝ። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ፈልገው እንዲቀይሩልኝ ተስማማሁ።

2. እንደሚያውቁት በግቢያችሁ መኪና ትቶ የሚሄድ ሰው ዕቃው እንዳይለወጥበት ምልክት አድርጎበት ይሄዳል። ጆአሽ በሚስማር ይጭር ነበር። እኔ የልጄን የአፒዮን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዤ ሄድኩ። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጬ መጀመሪያ ያየሁትን የብረት ሣጥን ቀባሁ። የትኛው እንደሆነ ማንንም አልጠየቅኩም። አላዋቂ መባል አልፈለግኩም።

3. በማግስቱ ኤልካና ያወጡትን ኮምፒዩተር ከፍተው አሳዩኝ። በውስጡ ያሉት ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች ፈሰው ሰሌዳውን በልተውታል። «ማማ፣ እስቲ ያሽትቱት፤ ዓሣ ዓሣ ይላል» አሉኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ቀድሞም ቢሆን ስመጣ «የአፒዮ እናት መኪና መካኒክ ሳይሆን ድመት ነው የሚያስፈልጋት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ኤልካና ግን አልሳቁም። «የምሬን ነው፣ ይሄ ዕቃ ሲፈስ እንዲህ ነው የሚሸተው» አሉ። ይህ እውነት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ በእንጀራዬ መሰደቤ ብቻ ነበር።

ሣጥኑን አገላብጬ ቀይ ቀለም ባጣሁበት ጊዜ ጮህኩ። «ይሄ የእኔ አይደለም! የእኔን ሸጠህ የማንን ቆሻሻ ነው የምታሸተኝ?» አልኩ። እሳቸውም «ማማ፣ ይረጋጉ። እዚያ ውስጥ ሁለት ሣጥን አለ፤ ሌላውን ቀብተው እንዳይሆን አብረን እንይ» አሉኝ። «ሌባው ደግሞ አስተማሪ ሆነና አረፈው!» ብዬ መለስኩ። አሁን ሰው የሚስቀው በእሳቸው ነበር። የመኪናውን በር ቆልፌ ቁልፉን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጆአሽ ከሞተ ገና ሰባት ወሩ ስለነበር የማኅበሩ ሽማግሌዎች አዘኑልኝ፤ መኪናው ተከፍቶ ሌላው ሣጥን ይታይ ያለም አልነበረም። ኤልካና ያገኙትን ኮምፒዩተር በራሳቸው ወጪ ገጥመውልኝ ከግቢው እንዲወጡ ተወሰነ። የተበላሸውንም ለማስረጃ እንድይዘው ሰጡኝ። ኤልካና ዕቃውን ገጠሙልኝ። ሲገጥሙም ቀይ ምልክቴን ከጎኑ ሳያዩት አልቀሩም። ነገር ግን ያን ሰዓት ቢናገሩ ማን ይሰማቸው ነበር?

4. ከስድስት ሳምንት በኋላ ዝናብ መኪናው ውስጥ ገብቶ ምንጣፉን ላደርቅ ሳነሣ ቀይ ቀለሜን አየሁት። ሌላኛው ሣጥን ላይ ነበር። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዓሣ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ የተማርኩ ነኝ። የባለቤቴን የመኪና መጽሐፍ አውጥቼ አንዱን ገጽ በሁለት ቀን ጨረስኩት። የቀባሁት ሣጥን የማርሹ ነው፤ የሞተሩ ከጎኑ ያለው ነው። ጆአሽ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ የየዕቃውን ቁጥር በእርሳስ የመጻፍ ልማድ ነበረው። የሞተሩን ኮምፒዩተር ቁጥር ቤቴ ካስቀመጥኩት ሣጥን ጋር አስተያየሁት፤ አንድም አልተለየም። ኤልካና ያወጡት የራሴን ነበር፤ ምንም አልሰረቁኝም።

5. በዚያው ቀን ለምን ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ አልመጣሁም? የማቀርበው በቂ ምክንያት የለኝም። የገበያ ሴቶች «አይዞሽ፣ አንቺን የነካ እኛን ነካ» ብለው ነበር። ፓስተሩ በጉባኤ ፊት ስሜን ጠርተው ጸልየውልኛል። ለዚያ ሁሉ ሰው ተመልሼ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ከበደኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኩ፤ ሳምንቱ አራት ዓመት ሆነ።

አምና አሄሮ ከተማ ላይ የመኪናዬ ጎማ ሲተነፍስ ኤልካናን መንገድ ዳር ብስክሌት ሲጠግኑ አገኘኋቸው። አንድ ጎረምሳ ብስክሌቱን እየሰጣቸው «አደራ ኤልካና፣ ኮምፒዩተሩን እንዳትለውጥብኝ!» አለና ከጓደኞቹ ጋር ተሳሳቀ። እሳቸው ሲያዩኝ ተነሥተው ጎማውን ነፉልኝ። «የአፒዮ እናት፣ መኪናዋ አሁንም ስትሞቅ ትጠፋለች?» ብለው ጠየቁኝ። «አትጠፋም» አልኩ። «ጥሩ ነው» አሉ። የገጠሙልኝ ዕቃ ሦስት ዓመት ልጆቼን ሲያበላ፣ እኔ ለእሳቸው የሰጠኋቸው መልስ ያ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በአሄሮ በኩል አልሄድኩም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምሄደው።

6. ስለዚህ ማኅበሩ፦

ሀ) በኤልካና ኦዱዎር ላይ የተሰጠውን ውሳኔ እንዲሽርና የሥራ ቦታቸውን እንዲመልስላቸው፣

ለ) መሻሩ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር፣ ውሳኔው በተነገረበት በተለመደው የሰኞ ስብሰባ ሁሉም መካኒኮችና ደንበኞች ባሉበት እንዲነገር፣

ሐ) ያን ቀን የኮምፒዩተሩን ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ስለሆኑ እንድተካላቸው እንዲያዝዘኝ፤ በሐሰት ከሳሽ ላይ የሚጣል ቅጣት ካለም እንዲጣልብኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የተበላሸውን ኮምፒዩተርና የባለቤቴን መጽሐፍ ለማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አቅርቤአለሁ። መኪናውንም ማኅበሩ በመረጠው ሰው አስከፍቶ ማየት ይችላል። በዚህ ጊዜ አልቆልፈውም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊዎ ትናንት በመንገድ አግኝተውኝ «ማማ፣ ምን ያደክምዎታል? ተቃውሞ የለኝም ብለው አንድ መስመር ቢጽፉ ይበቃል» ብለውኛል። ያሉት ለእኔ አስበው ነው። አንድ መስመር ብጽፍ ኤልካና ይመለሱ ነበር። ሰው ግን «የአፒዮ እናት ደግ ናት፣ ሌባውን ይቅር አለችው» ይላል፤ እሳቸውም ይቅር የተባለ ሌባ ሆነው ይኖራሉ። ይቅር የምለው ነገር የለኝም። ሰኞ ስሜን ሲጠሩ ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተነሥቼ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ፤ እባክዎ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አያድርጉ።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሮዘሊን አዉኦር

ግልባጭ፦
ለአቶ ኤልካና ኦዱዎር፣ አሄሮ (እኔው ራሴ የማደርሰው)